ክረምት ሲገባ የሚመለስ ሽታ

መዘዞን ከሩቅ የሚያውቃት ሰው በኦፓሏ ያውቃታል። ከጣርማ በር ወደ መንዝ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ይህች ትንሽ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ ከአካባቢዋ በሚወጣው ቡናማ ኦፓል ስሟ በጌጥ ድንጋይ ገበያ ይነሣል። ለእኔ ግን መዘዞ ማለት ብርድ፣ ጉምና የአክስቴ ቤት ነው። ደብረ ብርሃን ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ለቡሄ ስሄድ ገና ደጃፉን ሳልፍ የድመት ሽንት ሽታ ተቀበለኝ። እትዬ የምላቸው አክስቴ ፊቴን አዩና አንገታቸውን ደፉ። ነሐሴ 21 የማርያም ማኅበር ተራው የእሳቸው ነው፤ የቀራቸው ስምንት ቀን ብቻ ነበር። ከዚህ በታች ያለው ሁለት ቀን ሙሉ ጎንበስ ቀና እያልን የተነጋገርነው ነው።

እትዬ፦ ምን እላለሁ ልጄ፣ አፈርኩ። በጋውን ሁሉ ደህና ነበር። ሐምሌ ሲገባ ቤቱ ተለወጠብኝ። ወይራ አጠንኩ፣ ዕጣን አጨስኩ፣ ሰንደልም ከሱቅ አስገዛሁ። ጭሱ እስካለ ድረስ ደህና ይመስላል፤ ሲወጣ ያው ነው፤ እንዲያውም ይብሳል።

እኔ፦ ጭስ ሽታውን አያወጣውም እትዬ፤ የእኛን አፍንጫ ነው ለጊዜው የሚያታልለው። ሽንቱ ያለው ወለሉ ውስጥ ነው። በጋ ላይ ውሃው ተንኖ ያልቃል፤ ጨውና ሌላው ቅሪት ግን እዚያው ደርቆ ይቀመጣል። ክረምት መጥቶ ጉሙ እስከ ማጀት ሲገባ ያ የደረቀ ቅሪት እርጥበቱን ስቦ እንደገና ይነቃል። ድመቷ ትናንት ባትሸና እንኳ የጥር ሽንት በሐምሌ ይሸታል።

እትዬ፦ በእናቴ ቤት እንዲህ ያለ ሽታ አላስታውስም። ድመት ግን ጠፍቶብን አያውቅም። ገብስ ያለበት ቤት ያለ ድመት እንዴት ይሆናል? ጎታውን አይጥ ይጨርሰዋል።

እኔ፦ የእናትዎ ቤት ወለል ምን ነበር?

እትዬ፦ አፈር ነዋ! በየሳምንቱ በእበት ይለቀለቃል። ድመት የሸናችበት ቦታ ከታየ አፈሩ ተፍቆ ይጣላል። አዲስ አፈር አምጥተን እንደለድልና እንለቀልቀዋለን። በማግስቱ ቦታው የት እንደነበር እንኳ አይታወቅም።

እኔ፦ ነገሩ እሱ ነው። እነ አያቴ ሽታውን አልሸፈኑትም፤ ፍቀው አወጡት። የአሁኑ ወለልዎ ሊሾ ነው። ሊሾ ከላይ ሲያዩት ድንጋይ ይመስላል እንጂ በዓይን የማይታይ ቀዳዳ የሞላበት ነው። ይኸው ውሃ ጠብ ላድርግበትና ይመልከቱ፤ አዩት? ጠጣው። ሽንቱንም እንዲሁ ይጠጣዋል፤ ግን እንደ አፈሩ ተፍቆ አይጣልም። ወለሉ ሲለወጥ አጸዳዱም አብሮ መለወጥ ነበረበት፤ እሱን ያስተማረን ሰው የለም።

እትዬ፦ እንዳላጠብኩት አታድርጊብኝ። ባለፈው ሳምንት ያን ማዕዘን በረኪና ደፋሁበት፤ አንድ ጠርሙስ ሙሉ። ብርድ እንዳይገባ በሩን ዘግቼ። ጥቂት ቆይቶ ጉሮሮዬን ያዘኝ፣ ዓይኔ እንባውን አወረደው፣ ደረቴ ታፈነ። ግድግዳውን ተደግፌ ደጅ ወጥቼ ነው ነፍስ የዘራሁት።

እኔ፦ እግዜር ነው ያተረፈዎ እትዬ! እባክዎ ከእንግዲህ እንዳይደግሙት። ሽንት ውስጥ ዩሪያ የሚባል ነገር አለ። ሽንቱ ሲቆይ ባክቴሪያ ይገባበትና ዩሪያውን ወደ አሞኒያ ይለውጠዋል፤ አፍንጫ የሚቆነጥጠው እሱ ነው። በረኪና አሞኒያ ሲያገኝ ክሎራሚን የተባለ መርዛም ጋዝ ይወጣል። የያዘዎ እሱ ነው። በተዘጋ ክፍል ሲሆን ሳንባ ያቆስላል፣ ሰው ይገድላል።

እትዬ፦ እኔማ ማጽዳቱ ነበር የመሰለኝ። ጎረቤቴ ደግሞ አቼቶ ጨምሪበት ብላኝ ነበር።

እኔ፦ እሱ ደግሞ ሌላው መዘዝ ነው። በረኪናና አቼቶ ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት እ.ኤ.አ. በ1915 ጀርመኖች ቤልጂየም ውስጥ ኢፕር በሚባል ቦታ በጠላት ጦር ላይ የለቀቁት ጋዝ ነው። ብዛቱ አይመሳሰልም፤ ጋዙ ግን ያው ነው።

እትዬ፦ በስመ አብ! ለመሆኑ የበጉም የጥጃውም ሽንት እዚሁ ደጃችን ነው፤ የድመቷ ምን ቢሆን ነው እንዲህ የሚከረፋው?

እኔ፦ ድመት የመጣችው ውሃ በጠፋበት ምድር ከሚኖር የዱር ድመት ነው። ኩላሊቷ ውሃውን ቆጥቦ ሽንቱን አጠንክሮ ያወጣዋል፤ ጥቂት ነው ግን ብርቱ ነው። በዚያ ላይ ፌሊኒን የሚባል ድኝ ያለበት ነገር አለው። ነጭ ሽንኩርት ሲቀጠቀጥ የሚሸተውም ከድኝ የመጣ ነው፤ ዘመዳሞች ናቸው። ፌሊኒን ሲፈርስ ነው ያ የሚከረፋው የሚመጣው። የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ፌሊኒንን የሚያመርተው ካውክሲን የሚባል የሽንት ፕሮቲን እንደሆነ አሳይተዋል። ባልተኮላሸ ወንዴ ድመት ሽንት ውስጥ ከሴቷም ከተኮላሸውም በብዙ ይበልጣል።

እትዬ፦ የእኔዋ ሴት ናት።

እኔ፦ እሱን ማታ እናየዋለን።

አመሻሽ ላይ ከአንድ ባለሱቅ ሐሰተኛ ብር የሚለይባትን ሐምራዊ ብርሃን የምትሰጥ ትንሽ ባትሪ ተዋስኩ። መብራት አጥፍተን ወለሉንና ግድግዳውን ስንዝር በስንዝር ፈተሽን። የደረቀ ሽንት በዚያ ብርሃን ወደ ቢጫ ባደላ አረንጓዴ ይፈካል። የልብስ ሳሙና ዱቄት የነካው ቦታም ስለሚያበራ፣ ያበራውን ሁሉ ጎንበስ ብዬ በአፍንጫዬ አረጋገጥኩ። እትዬ የሚያውቁት የሊሾው ማዕዘን፣ ያ ሁሉ በረኪና ፈስሶበት፣ ዛሬም ይፈካል። ከጎታው ጀርባ ያለው የጭቃ ግድግዳ ግን ለሁለታችንም አዲስ ነበር። ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ የተረጨ፣ ከዚያ በቀጭን በቀጭኑ ወደ ታች የወረደ ምልክት፣ አንድ አይደለም፣ አምስት ስድስት ቦታ። ሦስተኛውን መብራቱ አላሳየንም። መደቡ ላይ ታጥፎ የተቀመጠው ጥቁር ባና ነበር፤ እሱን ያገኘው አፍንጫ ነው።

እትዬ፦ ባናዬ! የእናቴ እኮ ነው። የራሷን በግ ጠጉር ፈትላ ያሠራችው። ይህቺ ድመት ሞቷን ነው የፈለገችው። ነገ በጆንያ አድርጌ ከወንዝ ማዶ ነው የምጥላት። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ ያሉት ለዚህ ነው።

እኔ፦ ይቆዩ እትዬ፣ አይቸኩሉ። ግድግዳው ላይ ያለውን አይተዋል? ድመት ሽንቷን ስትሸና ቁጢጥ ትላለች፤ ወለሉ ላይ ነው የሚቀረው። ከወለል ከፍ ብሎ የተረጨው ቆሞ፣ ጭራ ቀና አድርጎ የተረጨ ነው። እሱ መሽናት ሳይሆን ምልክት ማድረግ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የወንዴ ሥራ ነው። እዚህ ቤት ወንዴ ይመጣል?

እትዬ፦ አንድ ግራጫ አለ፤ የጎረቤት ነው። ማታ ማታ በማጀቱ መስኮት እየገባ ይጮሃል።

እኔ፦ እንግዲያው ጥፋተኛው ሁለት ነው፤ ምክንያታቸውም ሁለት ነው። ግድግዳው የግራጫው ነው። ሊሾውና ባናው የእርስዎዋ ነው። እሷን ደግሞ እንጠይቃት፤ በጋ ላይ የት ነበር የምትሸናው?

እትዬ፦ ጓሮ፣ የጎመኑ መደብ ላይ። ቆፍራ፣ ሸንታ፣ አፈር አልብሳ ትመጣለች። ንጹሕ ነበረች።

እኔ፦ አሁን ጓሮው ምን ይመስላል?

እትዬ፦ ጭቃ ነዋ። እግር ይውጣል።

እኔ፦ አዩ! ድመት ደረቅና ልል ነገር ትፈልጋለች። ጓሮው ጭቃ ሆነባት፣ ወጥታ ብትሞክርም ያ ግራጫ ደጁን ይዞታል። ቤት ውስጥ ስትፈልግ አንድ ጨለማ ማዕዘንና አንድ ለስላሳ ባና አገኘች። አመሏን አልረሳችም ማለት እውነት ነው፤ አመሏ ግን ንጽሕና ነበር፤ ቦታው ነው የጠፋባት። አፍንጫዋን ሽንቱ ላይ ማሸት፣ በጥፊ ማለት፣ ምንም አያስተምራትም። ሰው በሌለበት ቦታ መሽናትን ብቻ ትማራለች፤ ያን ጊዜ ቦታውን ማግኘቱ ለእርስዎ ይከብዳል።

እትዬ ዝም አሉ። ድመቷ ጎታው ጫፍ ላይ ተኮራምታ ታየን ነበር። እውነቱን ለመናገር በዚያ ሰዓት የፈራሁት ለባናው አልነበረም። በየክረምቱ ስንት ድመት በዚህ ምክንያት በጆንያ ታስሮ እንደሚጣል አውቃለሁ፤ ከዚያ በመስከረም አይጥ ገብስ ፈጀብን ተብሎ መርዝ ይገዛል።

እትዬ፦ እሺ፣ ከምኑ እንጀምር?

እኔ፦ ከቀላሉ፤ ከግድግዳው። ግድግዳው ጭቃ ስለሆነ የእናትዎን ዘዴ ይቀበላል። ምልክቱ ካለበት ዳር ዳሩን አንድ ጋት ጨምረን ምርጊቱን እስከ እንጨቱ እንፍቀው፤ የተፋቀውን ከደጅ አርቀን እንጥለው። ከዚያ በጭድ የተቦካ አዲስ ጭቃ እንመርገዋለን።

እትዬ፦ ይኼስ የምናውቀው ነው። ሊሾውስ?

እኔ፦ ለሊሾው አቼቶ አልፈልግም፤ አሲድ ስሚንቶን ይበላል። ከፋርማሲ ለቁስል ማጠቢያ የሚሸጠውን ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ፣ ባለ 3 ከመቶውን ገዝቼልዎ መጥቻለሁ። እ.ኤ.አ. በ1993 ፖል ክሬባውም የተባለ አሜሪካዊ ኬሚስት የታወቀበት ቅመም ነው። አሜሪካ ውስጥ ስከንክ የሚባል፣ ሲቆጣ የሚከረፋ ድኝ ያለበት ፈሳሽ የሚረጭ አውሬ አለ፤ እሱ ለረጨው ውሻ ማጠቢያ ነው ያሰበው። አንድ ሊትር ፐርኦክሳይድ፣ አንድ ሲኒ ገደማ ቤኪንግ ሶዳ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና። ድኙ ኦክስጅን ሲያገኝ ወደማይሸት ነገር ይለወጣል። ለድመት ሽንትም የሚያገለግለው ለዚሁ ነው።

እትዬ፦ ስንት ጊዜ ይጠረጋል?

እኔ፦ አይጠረግም፣ ወለሉ ይጠጣዋል። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ጨርቅ ነክሮ ከላይ ከላይ ያብሳል። ሽንቱ ሁለት ጣት ወርዶ ከሆነ መድኃኒቱም ሁለት ጣት መውረድ አለበት። እናፍስሰው፤ እየፈላ አረፋ ያወጣል፤ አንድ ሰዓት ይቆይ። ከዚያ አሮጌ ጨርቅ ጭነን በእግራችን ቆመን እናስመጥጠው። ደርቆ ከሸተተ እንደግመዋለን። አንድ ነገር ግን አደራ፤ የተቀላቀለውን ጠርሙስ ውስጥ ከድነው እንዳያስቀምጡ፣ ጋዝ ስለሚያወጣ ጠርሙሱ ይፈነዳል። የተረፈውን ይድፉት። ሲደርቅ ደግሞ ቀለም ወይም ቫርኒሽ እንቀባዋለን፤ ቀዳዳው ከተደፈነ ሌላ ጊዜ ሽንት ቢነካው ከላይ ይጠረጋል።

እትዬ፦ በዚህ ብርድ መቼ ይደርቃል? ከሰል ላቀጣጥልበት?

እኔ፦ በር ዘግተው ከሆነ አይሆንም። ከበረኪናው ተርፈው በከሰል ጭስ እንዳይሞቱብኝ። በርና መስኮቱን ከፍተን ነፋሱ ያድርቀው፤ ሁለት ቀን ቢፈጅም ይፍጅ።

እትዬ፦ ባናውን ግን ማንም በረኪና እንዳያስነካብኝ።

እኔ፦ ልክ ነዎት፤ የበግ ጠጉር በረኪና ውስጥ ቢዘፈዝፉት ይሟሟል። ፐርኦክሳይዱም ጥቁሩን መልኩን ያቀላዋል። ሙቅ ውሃም አይወድም፤ ተኮማትሮ የልጅ ልብስ ያህል ይሆናል። ኢንዛይም ያለበት የሳሙና ዱቄት ለጋቢና ለአንሶላ ጥሩ ነው፤ ለጠጉር ግን አይሆንም፤ ጠጉር ራሱ ፕሮቲን ስለሆነ ኢንዛይሙ ይበላዋል። ለባናው ነጭ አቼቶ ነው። አንድ እጅ አቼቶ በአራት እጅ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ግማሽ ሰዓት እንዘፍዝፈው። አሲዱ አሞኒያውን ይይዘውና በውሃ ታጥቦ ይወጣል። ከዚያ ሳይታሽ፣ ሳይጠመዘዝ፣ በብዙ ቀዝቃዛ ውሃ ይለቅለቅ። በጋቢ ጠቅልለን ተጭነን ውሃውን እናወጣዋለን፤ ነፋስ ባለበት ጥላ ተዘርግቶ ይደርቃል።

ባናውን ስናነሳ ውሃ ጠጥቶ ለሁለት ሰው ከበደ። ከሥር የወጣው የመጀመሪያው ውሃ ቡና መስሎ፣ ዓይን የሚቆነጥጥ ነበር። በአራተኛው ጠራ። እትዬ ጠርዙን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው ቆዩና፣ «የበግ ሽታ ብቻ ቀረ» አሉ።

እትዬ፦ አሁን ይቺን ምን ላድርጋት?

እኔ፦ ቦታ ይስጧት። ሰፋ ያለ አሮጌ ሳፋ ወይም የእንጨት ሳጥን ይፈልጉ፤ ደረቅ አሸዋ ወይም ሰጋቱራ አራት ጣት ያህል ይሙሉበት። ማጀቱ ጀርባ፣ ጭር ያለ ቦታ፣ ከምግቧ ራቅ አድርገው ያኑሩት። የጓሮዋን አፈር አንድ እፍኝ ይጨምሩበት፤ ጠረኑን ታውቀዋለች።

እትዬ፦ አመድ አለን አይደል እንዴ? ምድጃው ሙሉ ነው።

እኔ፦ አመድ ሲርስ እንደ ሳሙና ውሃ ይሆናል፤ መዳፏን ያቃጥላታል፣ መዳፏንም ትልሳለች። አሸዋ ይሻላል። በየቀኑ ይጽዳ፤ ከቆሸሸ ትተወዋለች። ልጅዎ ደግሞ ነፍሰ ጡር ናት፤ እሷ አትንካው። ከድመት ዓይነ ምድር የሚመጣ ጽንስ የሚጎዳ ተውሳክ አለ።

እትዬ፦ ግራጫውስ? እሱን ማን ያስተምረዋል?

እኔ፦ ባለቤቱን እናነጋግር፤ ይኮላሽ። ከተኮላሹ ወንዴ ድመቶች ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉ መርጨቱን ይተዋሉ ወይም በእጅጉ ይቀንሳሉ። ሽታውም ይለዝባል።

እትዬ፦ ድመት ይኮላሻል? ሰው ምን ይለኛል!

እኔ፦ በጉን ሙክት፣ ወይፈኑን ሰንጋ የምናደርግ ሰዎች አይደለን እንዴ? ድመት ላይ ሲሆን ነው የሚገርመን። ግን እንደ ወይፈኑ በመቀጥቀጫ አይሆንም፤ ማደንዘዣ ይወጋና የእንስሳት ሐኪም ነው የሚሠራው። እስከዚያው የማጀቱን መስኮት ወንፊት ሽቦ እናድርግበት።

እትዬ፦ አንድ ልጠይቅሽ። የወንድሜ ድመት ባለፈው ዓመት ሁለት ቀን ሙሉ ቁጢጥ እያለ፣ እያቃሰተ፣ ምንም ሳይወጣው ኖሮ ሞተ። ሆዱ ደርቆበት ነው አልን።

እኔ፦ ሽንቱ ተዘግቶበት ይሆናል እትዬ። የወንዴ የሽንት ቧንቧ ቀጭን ነው፤ ትንሽ ጠጠር ይዘጋዋል። መርዙ ወደ ደም ይመለስና በሁለት በሦስት ቀን ይገድላል። ንጹሕ የነበረ ድመት በድንገት የትም መሽናት ከጀመረ፣ ወይም ደጋግሞ ቁጢጥ ብሎ ጠብታ ብቻ ካወጣ፣ ወይም ሽንቱ ደም ከቀላቀለ፣ ታሟል። ያን ዕለት ሐኪም ማየት አለበት። ስንቱን ታማሚ ባለጌ ብለን መትተነዋል።

እትዬ፦ አይ እሱ! ሲጮህ እኮ እየተቆጣነው ነበር።

ሊሾው ሁለቴ አልበቃውም፤ ሦስተኛ ጊዜ አፈሰስንበት። ድመቷ ሳጥኑን ሁለት ቀን ዞረችው፤ በሦስተኛው ገብታ ቆፈረች። ነሐሴ 21 ማኅበርተኞቹ ገብተው ባናው በተነጠፈበት መደብ ላይ ተቀመጡ፤ ጠላው ቀረበ፣ ዳቦው ተቆረሰ። ስለ ሽታ ያነሣ ሰው አልነበረም። የመስኮቱን ሽቦ ያየች አንዲት ጎረቤት ብቻ ለምን እንደሆነ ጠየቀች፤ እትዬ አፍረው አልሸሸጉም፤ ከበረኪናው ጀምረው ሁሉንም ነገሯት።

እኔም ያን ለእናንተ እደግመዋለሁ። በዚህ ክረምት ቤታችሁ የድመት ሽንት ከሸተተ በረኪናውን ወደ መደርደሪያው መልሱት። ያፈሰሰ ካለ በርና መስኮት ከፍቶ ወዲያው ይውጣ፤ ሳሉና የደረቱ መታፈን ካልለቀቀው ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ይሂድ።